«ዮም ተወልደ»፦ የልደት ሌሊት አምልኮ ምን እያለ ነው?

ታኅሣሥ 28 ማታ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ያደረ ሰው ከሊቃውንቱ አፍ ደጋግሞ የሚሰማት አንዲት የግእዝ ቃል አለች፦ «ዮም»። «ዛሬ» ማለት ናት። «ዮም ፍሥሓ ኮነ» ይባላል፤ ዛሬ ደስታ ሆነ። «ዮም ተወልደ» ይባላል፤ ዛሬ ተወለደ። ከልደቱ ወዲህ ሁለት ሺህ ዓመት ማለፉ ለሊቃውንቱ ተሰውሯቸው አይደለም። በቤተ ክርስቲያን አረዳድ በዓል ያለፈ ነገር የሚታወስበት ቀን ብቻ ሳይሆን ወደ ነገሩ የሚገባበት በር ስለሆነ ነው።

ልደትን እንደ ማንኛውም የልደት ቀን፣ ከፍ አድርጎ እንደሚከበር ዓመታዊ መታሰቢያ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። በዚያ ዐይን ሲታይ የስድስት ሳምንት ጾሙም፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማደሩም ለአንድ ቀን ደስታ የበዛ ድካም ይመስላል። «ዮም»ን ይዞ ለሚገባ ግን እያንዳንዱ ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ትምህርትና ሥርዓት የተከተለ ነው። በሀገራችን ያሉ ወንጌላውያንም በዓሉን በዚሁ ቀን ያከብራሉ፤ የአምልኳቸው መልክ ግን ሌላ ስለሆነ እዚህ አይነሣም።

ገናና ልደት አንድ ናቸው?

በየቤቱ አንድ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ቆጠራ ግን ልዩነት አለ። የጌታ በዓላት ዐበይት (ታላላቅ) እና ንዑሳን (ታናናሽ) ተብለው ለሁለት ይከፈላሉ፤ በየወገናቸው ዘጠኝ ዘጠኝ ናቸው። ልደት ከትስብእት (ከጽንሰቱ)፣ ከጥምቀት፣ ከደብረ ታቦር፣ ከሆሣዕና፣ ከስቅለት፣ ከትንሣኤ፣ ከዕርገትና ከጰራቅሊጦስ ጋር ከዐበይቱ ይቆጠራል። ጌና (ገና) የሚመደበው ከንዑሳኑ ነው፤ የሚውለውም በልደት ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28 ነው። እንግዲህ ነገሩን አጥብቀን ከያዝነው «የገና ዋዜማ» የምንለው ዕለት እርሱ ራሱ ጌና ነው። «እንኳን ለገና አደረሳችሁ» ያለ ሰው ግን አልተሳሳተም፤ ሁለቱ ስሞች በሕዝቡ አፍ አንድ ከሆኑ ቆይተዋል።

የተወለደው ማን ነው?

የልደት አምልኮ በሙሉ የተሸከመው ይህን ጥያቄ ነው። በግርግም የተኛው ሕፃን ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእርሱ መስገድ ለፍጡር መስገድ በሆነ። ሰው መስሎ ብቻ የታየ አምላክ ቢሆን ደግሞ ድንግል ማርያም የወለደችው የለም፣ መስቀል ላይ የተሰቀለም የለም ማለት ይሆናል።

ቤተ ክርስቲያን ለወልድ ሁለት ልደት እንዳለው ታስተምራለች። የመጀመሪያው ቀዳማዊ ልደት ይባላል፤ ዘመን ከመቆጠሩ በፊት ያለ እናት ከአብ የተወለደው ነው። ሁለተኛው ደኃራዊ ልደት ነው፤ በዘመን ውስጥ ያለ አባት ከድንግል ማርያም የተወለደው። ልደቱ ሁለት ይሁን እንጂ የተወለደው አንዱ ወልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 አባቶች በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» ያሉት ስለ መጀመሪያው ልደት ነው፤ መልሱ ወልድን ፍጡር ላለው ለአርዮስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን የተሰበሰቡት 200 አባቶች ደግሞ ስለ ሁለተኛው ተናገሩ፤ ማርያም የወለደችው እርሱን አምላክን ስለሆነ «ወላዲተ አምላክ» መባል ይገባታል አሉ። ታኅሣሥ 29 የሚከበረው ይህ ደኃራዊ ልደት ነው፤ ቀዳማዊው ቀን የለውም።

«ተዋሕዶ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይመጣል። መለኮት (አምላክነቱ) እና ትስብእት (ሰውነቱ) በማኅፀን አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለየት። ሦስቱ «ያለ» ለጌጥ የተደረደሩ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የሚዘጉት በር አለ። ውሃና ወተት ሲቀላቀሉ ሁለቱም መልካቸውን ያጣሉ፤ እንዲህ አይደለም። ውሃ በረዶ ሲሆን ፈሳሽነቱ ይቀራል፤ እንዲህም አይደለም። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ወጥቶ ሌላው ሊቀር ይችላል፤ ይህም አይደለም። ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ የሚጠቅሱት ምሳሌ የጋለ ብረት ነው። ብረቱ ብረትነቱን አልተወም፤ እሳቱም እሳትነቱን አልተወም። ቢቆርጥም ያቃጥላል፣ ቢያቃጥልም ይቆርጣል። መዶሻው ሲያርፍበት የሚጠፈጠፈው ብረቱ ነው፤ እሳቱ አይመታም። ግን ያንን ብረት የነካ ሰው «ብረት ብቻ ነካሁ» አይልም። ምሳሌው የሚያልቅበት ቦታም አለ፦ ብረት ሲቆይ ይበርዳል፣ ከእሳቱም ይለያል። የሥጋና የመለኮት ተዋሕዶ ግን ከጽንሰት ጀምሮ ለቅጽበት እንኳ አልተፈታም።

ከዚህ ቀጥሎ የስግደቱ ነገር ግልጽ ይሆናል። ሰብአ ሰገል፣ ከምሥራቅ በኮከብ ተመርተው የመጡት፣ ሕፃኑን ባዩት ጊዜ ወድቀው እንደ ሰገዱለት ማቴዎስ በምዕራፍ 2 ጽፏል። ቤተ ክርስቲያን ይህን የአምልኮት ስግደት ትለዋለች፤ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚቀርበው ነው። ለቅዱሳንና ለመስቀል የሚቀርበው የጸጋ (የአክብሮት) ስግደት ከዚህ ይለያል። ያመጡት እጅ መንሻም ይህንኑ ይናገራል፦ ወርቁ ለንጉሥነቱ፣ ዕጣኑ ለአምላክነቱና ለክህነቱ፣ ከርቤው ሊቀበለው ላለው ሞት። በልደት ሌሊት ከርቤ ማምጣት እንግዳ ስጦታ ነው፤ ከርቤ ለሬሳ የሚሆን ሽቱ ነበርና። ሞቱ ከመጀመሪያው ሌሊት አንሥቶ በስጦታዎቹ መካከል ተቀምጧል ማለት ነው።

«ቤዛ» ማለትስ?

በላሊበላ በልደት ጠዋት የሚዘመረው «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ» የሚለው ነው፤ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ። ቤዛ በግእዝ የተማረከ ሰው እንዲለቀቅ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ በሌላው ምትክ ራሱን የሚሰጥ ሰውም በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ ቃሉ ባለበት ሁሉ ከኋላው የተያዘ ሰው አለ።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተያዘው አዳም ነው፣ ከነልጆቹ። ከገነት ሲወጣ «በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» የሚል ተስፋ ተሰጠው። ቀኑ አንዱ እንደ ሺህ ዓመት ስለሚቆጠር 5500 ዘመን ይሆናል። ይህ ተስፋ በትረካ ብቻ የቀረ አይደለም፤ የዘመን አቆጣጠራችን ተሠርቶበታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው 5500 ዘመን ዓመተ ፍዳ፣ ከልደቱ ወዲህ ያለው ዓመተ ምሕረት ይባላል። በየደብዳቤው ግርጌ ከቀኑ አጠገብ «ዓ.ም.» ብሎ የሚጽፍ ሰው የልደትን ትምህርት በሁለት ፊደል እየጻፈ ነው።

«ኵሉ ዓለም» የሚለውም ልብ ይባል። ቤዛ እስራኤል ወይም ቤዛ ጻድቃን አልተባለም። በሌሊቱ ምሥራቹን መጀመሪያ የሰሙት መንጋቸውን ሲጠብቁ የነበሩ እረኞች ናቸው፤ ከሩቅ የመጡት ደግሞ ከአይሁድ ወገን ያልሆኑ ሰዎች ነበሩ።

ለምን ታኅሣሥ 29? ለምንስ አንዳንዴ 28?

በየአራት ዓመቱ ይህ ጥያቄ ይነሣል፤ የሚሰጠውም መልስ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። «ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 እንዳይወጣ ነው» የሚል አለ። አይደለም። ለማረጋገጥ ጥምቀትን ማየት ይበቃል፤ ጥምቀት በዚያው ዓመት ከጥር 11 አይነቃነቅም፣ ስለዚህ በፈረንጆቹ ወደ ጃንዋሪ 20 ይወርዳል።

እውነተኛው ምክንያት የእርግዝና ቆጠራ ነው። ጌታ የተፀነሰው መጋቢት 29 ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን አለ፤ ዘጠኙ ወር በየሠላሳው 270፣ የጳጉሜን አምስት ቀን ሲጨመር 275 ቀን። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ግን ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። በመካከል አንድ ቀን ስለገባ ታኅሣሥ 29 ላይ ቆጠራው 276 ይደርሳል። ቆጠራው 275 እንዲሆን በተከታዩ ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ልደት በታኅሣሥ 28 ይከበራል። ዓመቱ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ ለማወቅ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው፦ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። 2016 ሲደመር 7516 ነው፤ ለአራት ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. ልደት ታኅሣሥ 28 ተከበረ። ቀጣዩ 2020 ነው።

መጋቢት 29 ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል የብሥራቱ በዓል በደስታ የሚከበረው ታኅሣሥ 22 ነው፤ ይህን ያደረገው ደቅስዮስ የተባለው አባት እንደሆነ በየዓመቱ በዕለቱ ይነገራል። ወር በገባ በ29 የሚታሰበው በዓለ ወልድም ከዚሁ ቁጥር የመጣ ነው።

ከምዕራቡ ዓለም ዲሴምበር 25 ጋር ያለው ልዩነት ደግሞ የካሌንደር ነው። በጥንቱ የዩልዮስ ካሌንደር መጋቢት 29 ማርች 25፣ ታኅሣሥ 29 ደግሞ ዲሴምበር 25 ላይ ነው የሚውሉት፤ ቀኑ ከመሠረቱ አንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1582 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ካሌንደሩን አስተካክለው 10 ቀን ዘለሉ። ዛሬ ልዩነቱ 13 ቀን ደርሷል። ከ2100 በኋላ 14 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ልደት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላል፣ በእኛ ግን ያው ታኅሣሥ 29 ነው።

44 ቀን የሚጾመው ለምንድን ነው?

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ በልደት ይፈታል። በተለመደው ዓመት የኅዳር ዐሥራ ስድስቱ ቀንና የታኅሣሥ ሃያ ስምንቱ ቀን ተደምሮ 44 ይሆናል። ስሙ እንደሚለው ነቢያት ይመጣል ያሉትን የጠበቁበትን ጊዜ መድገም ነው፤ ኢሳይያስ «ድንግል ትፀንሳለች» ሲል፣ ሚክያስ ቤተ ልሔምን በስም ሲጠራ የነበሩበት ቦታ ላይ መቆም። «ዮም ተወልደ» ለማለት መጀመሪያ «ገና አልተወለደም» በሚለው ጊዜ ውስጥ ማለፍ ያስፈልጋል።

ይህን አሳልፈው የሚያሳዩት ከበዓሉ በፊት የሚውሉት ሦስት እሑዶች ናቸው፤ ብዙ ሰው ስማቸውን ሰምቶ ቅደም ተከተላቸውን አይዝም። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 የሚውለው እሑድ ስብከት ነው። ምስባኩ (ከወንጌል በፊት የሚዜመው የዳዊት መዝሙር ጥቅስ) «ፈኑ እዴከ እምአርያም» ይላል፤ እጅህን ከአርያም ላክ፣ ከብዙ ውሃም አድነኝ። በመስመጥ ላይ ያለ ሰው ጩኸት ነው፤ እጅ ብቻ ነው የሚለምነው። ከ14 እስከ 20 ያለው ብርሃን ነው፤ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» ይላል፣ ብርሃንህንና እውነትህን ላክ። አሁን የሚለምነው መንገድ የጠፋበት ሰው ነው። ከ21 እስከ 27 ያለው ኖላዊ ነው፦ «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምእ»፣ የእስራኤል እረኛ ሆይ አድምጥ። በዚህ ሳምንት «ላክ» የሚለው ቃል ቀርቷል። በጎቹ እረኛውን ራሱን ነው የሚጠሩት። እጅ፣ ብርሃን፣ እረኛ፤ ልመናው በየሳምንቱ እየቀረበ መጥቶ በሚቀጥለው በዓል እረኛው ራሱ ይመጣል።

በዋዜማው ያለው ቀን ገሃድ ይባላል። ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ በዕለቱ አይጾምም፤ ለዚያ ምትክ የሚሆነው ገሃዱ ነው። በ2018 ዓ.ም. ልደት የዋለው ረቡዕ ነበር። ለጥምቀትም ሕጉ ይኸው ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ምን ይደረጋል?

ማኅሌት ይቆማል። ቦታው ከቤተ ክርስቲያኑ ሦስት ክፍሎች ውጪኛው፣ ቅኔ ማኅሌት የሚባለው ነው። ዜማው በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉት ሦስት ስልቶች ይዜማል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያድር ሰው ማኅሌት ማለቂያ የሌለው ድግግሞሽ ሊመስለው ይችላል። ግን ደረጃ አለው፤ ካወቁት መከተል አይከብድም። አንድ ቃል መጀመሪያ በድምፅ ብቻ ይዜማል፤ ይህ ቁም ዜማ ነው፣ ከበሮም ጸናጽልም ዝም ይላሉ። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፦ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አብረው ይወዛወዛሉ። ከዚያ በመረግድ ጸናጽሉና ከበሮው ይገባሉ፤ ፍጥነቱ ይጨምራል። በመጨረሻ ጽፋት ነው፣ እጅ የሚጨበጨብበት። ቃሉ ያው ነው፤ የሚለወጠው የሚሸከመው አካል ነው። ከአፍ ጀምሮ ወደ ትከሻ፣ ወደ እግር፣ ወደ መዳፍ ይወርዳል። ቃል ሥጋ ሆነ በሚባልበት ሌሊት ይህን ማየት በራሱ ትምህርት ነው።

ከበሮውን ቀርቦ ያየ ሰው ሁለቱ አፎቹ እኩል አለመሆናቸውን ያስተውላል፤ አንዱ ሰፊ ነው፣ አንዱ ጠባብ። በሊቃውንት ትርጓሜ ሰፊው የመለኮቱ፣ ጠባቡ የትስብእቱ ምሳሌ ነው። የሚመታው ግን አንድ ከበሮ ነው። የጋለውን ብረት ምሳሌ ያልጨበጠ ሰው እዚህ በጆሮው ያገኘዋል።

ቅዳሴው በሌሊት መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። በሥርዓቱ በሌሊት የሚቀደስባቸው ታላላቅ በዓላት ልደት፣ ጥምቀትና ትንሣኤ ናቸው። ሉቃስ እንደጻፈው መልአኩ ለእረኞቹ የተገለጠው ሌሊት ነበር፤ ብርሃኑም በዙሪያቸው ያበራው በጨለማው መካከል ነው። ምእመናን ጧፍ አብርተው የሚቆሙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ላሊበላ ላይ ሌሊቱ ሲነጋ ሌላ ነገር ይጨመራል። ታኅሣሥ 29 የቅዱስ ላሊበላም የልደት ቀን ሆኖ ይከበራል። ከ11ዱ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው ቤተ ማርያም ግቢው ከመሬት ወደ ታች የተቆፈረ ስለሆነ ዙሪያው ገደል የመሰለ ግድግዳ ነው። ማሜ ጋራ በሚባለው አናቱ ላይ ካህናት ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ታች ግቢው ውስጥ ሌሎች ይቆማሉ። የላዮቹ መላእክትን፣ የታቾቹ እረኞችንና የሰውን ወገን ይወክላሉ። «ቤዛ ኵሉ» ከላይ ይዘመራል፣ ከታች ይመለሳል። የመላእክቱን መዝሙር፣ «ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት ወሰላም በምድር» የሚለውን፣ በድንጋዩ ከፍታ የሚያነቡት ይመስላል፦ ሰማያት እዚያ፣ ምድር እዚህ፣ ዜማውም በመካከል።

ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ አለች?

አለች። በአብዛኛው ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ የምትሠራው፣ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርባት ትንሿ ቤት ስሟ ቤተ ልሔም ነው። የከተማዋ ስም በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት ስለሆነ ስያሜው እጥፍ ትርጉም አለው። ጌታ በእንጀራ ቤት ተወለደ፤ ያስተኙትም በግርግም፣ ማለትም ከብት በሚበላበት ቦታ ነው።

በዚያች ቤት ዲያቆኑ ንጹሕ የስንዴ ዱቄት በውሃ አብኩቶ፣ እርሾ ጨምሮ ኅብስቱን ይጋግራል። ወይኑ ከዘቢብ የሚዘጋጅ ነው። ያደረ ኅብስት ለመሥዋዕት አይቀርብም፤ የዕለቱ መሆን አለበት። «ዮም» እዚህም አለች። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ ያስፈልጋሉ።

ኅብስቱ ከቤተ ልሔም ሲወጣ በመሶበ ወርቅ ሆኖ፣ ጥላ ተይዞለት፣ ቃጭል እየተደወለ ነው። ብዙ ሰው ቃጭሉን ሲሰማ ቅዳሴ ሊገባ ነው ብሎ ነጠላውን ያስተካክላል፤ ያለፈው ምን እንደሆነ ግን አያስተውልም። ከቤተ ልሔም ተነሥቶ ወደ መንበሩ የሚሄደው ያ አጭር ጉዞ ከልደቱ እስከ ቀራንዮ ያለው 33 ዓመት ነው። ኅብስቱ የሚቀመጥበት ጻሕል የግርግሙ ምሳሌ ነው። የሚሸፈንበት ማኅፈድ እናቱ የጠቀለለችበት ጨርቅ ነው፤ ይኸው ጨርቅ የመግነዙም ምሳሌ ሆኖ ይተረጎማል። ሰብአ ሰገል ከወርቁ አጠገብ ከርቤ እንዳስቀመጡት ሁሉ፣ መንበሩ ላይም የልደቱና የሞቱ ጨርቅ አንድ ነው።

ሊቆረብ ሲቀርብ ካህኑ «አአምን፣ አአምን፣ አአምን» ብሎ ይመሰክራል። የሚመሰክረው ይህ ሥጋ ከእመቤታችን የነሣው መሆኑን፣ ከመለኮቱም ጋር ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለየትና ያለ መለወጥ አንድ ማድረጉን ነው። የኤፌሶን ትምህርት በየቅዳሴው፣ ከቁርባን በፊት፣ በየዕለቱ ይነገራል ማለት ነው። ልደት በዓመት አንድ ጊዜ ይከበራል ቢባልም ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር ነገሩ አለ።

መቁረብ የሚፈልግ ምን ማወቅ አለበት?

በልደት ሌሊት በብዛት የሚያጋጥመው ስሕተት የሰዓት ነው። ለመቁረብ 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መከልከል ያስፈልጋል። በቀን ቅዳሴ የለመደ ሰው «ማታ ቀለል ያለ ነገር በልቼ እተኛለሁ» ብሎ ያስባል። የልደት ቅዳሴ ግን ሌሊት ነው። ቁርባኑ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቢደርስ፣ 18 ሰዓት ወደ ኋላ ሲቆጠር የዋዜማው ጠዋት 3 ሰዓት ይመጣል። ስለዚህ በገሃዱ ቀን ምሳ የበላ ሰው ሌሊት መቁረብ አይችልም። ቅዳሴው በሚቆረብበት ደብር ስንት ሰዓት እንደሚገባ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሕመም ያለበት ሰው ጉዳዩን ከንስሓ አባቱ ጋር ይነጋገራል።

ንስሓ መግባቱም በዋዜማው ማታ የሚደረስበት አይደለም። ካህናቱ በማኅሌትና በቅዳሴ ዝግጅት ላይ ስለሚሆኑ አረጋግቶ የሚያናግር አይገኝም፤ ጾሙ ሳያልቅ፣ ከሳምንት በፊት መጨረስ ይሻላል። ቅዳሴ ከመግባቱ በፊት መድረስ፣ ነጠላን መስቀለኛ ማጣፋት፣ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሳያሰናብት አለመውጣት የየዕለቱ ሥርዓት ነው። በልደት ሌሊት በብዛት የሚጣሰው የመጨረሻው ነው፤ ሰዉ ጾም ለመፍታት ይቸኩላል።

በዓሉ በነጋታው ያልቃል?

በቤት ያልቅ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ግን ሕፃኑ በካሌንደሩ ውስጥ ያድጋል። ታኅሣሥ 29ን አንድ ብሎ የቆጠረ ሰው ስምንተኛውን ቀን ጥር 6 ላይ ያገኘዋል፤ እንደ ሕጉ በስምንተኛው ቀን ስለ ተገረዘ ዕለቱ የግዝረት በዓል ነው። ቆጠራውን ከቀጠለ አርባኛው ቀን የካቲት 8 ላይ ይውላል። በዚያ ቀን እናቱ ወደ ቤተ መቅደስ ይዛው ትገባለች፤ ሽማግሌው ስምዖንም ይታቀፈዋል።